ሰባተኛው ደንብ፦ መብራት ከጠፋ

ዳኛ ነበርኩ ስል ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት የተቀመጥኩ ይመስለዋል። የለም፤ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው የማይገባበት ሱቅ አለኝ። ዳኝነቴ የቼዝ ነው፤ እሱም በኦንላይን። ቢሆንም በአንዲት እሑድ ከሰዓት በኋላ የፈረድኩት ፍርድ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ልንገራችሁና እናንተ ደግሞ በእኔ ላይ ፍረዱ።

በመጀመሪያ ሲሳይን ማወቅ አለባችሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ምሳ የምበላው እነሱ ቤት ነበር፤ እናቱ እትዬ ወይንሸት "የማን ልጅ ነው?" ተብለው ሲጠየቁ "የኔው ነው፣ ከሲሳይ በወር ይበልጣል" ይሉ ነበር። ቼዝ ያስተማረኝም ሲሳይ ነው። ጠጠር ስላልነበረን የለስላሳ ቆርኪ ላይ "ፈረስ"፣ "ንግሥት" እያልን በእስክሪብቶ ጽፈን እንጫወታለን። ሁልጊዜ ያሸንፈኛል፤ እኔም ሁልጊዜ ተናድጄ ቆርኪውን እበትናለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ እንደገና እንቀመጣለን። ወንድም የለኝም፤ ወንድም ሲባል በአእምሮዬ የሚመጣው የሱ መልክ ነበር።

ካደግን በኋላ እሱ ጽሕፈት ሥራ ያዘ። ቤቱ ባለች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር የሰው ማመልከቻና የቤት ኪራይ ውል እየጻፈ ይኖራል። ስልኩ የቼዝ አፕ የመሸከም አቅም ስለሌለው መልእክት ከመላክና ከመደወል አያልፍም። ሦስት ጊዜ ጠግኜለታለሁና አውቀዋለሁ።

የምንጫወተው የተለመደውን ቼዝ አልነበረም። አፑ ላይ ያገኘነው፣ እኛ "ምርኮ" ያልነው ዓይነት ነው። የበላኸው ጠጠር ከጨዋታ አይወጣም፤ የአንተ ይሆናል። ተራህ ሲደርስ ደስ ባለህ ባዶ ቤት ላይ ታሰልፈዋለህ። አሁን የበላህብኝ ፈረስ ከደቂቃ በኋላ የራሴኑ ንጉሥ ቼክ ሊለኝ ይችላል ማለት ነው። ጨዋታው ስለሚከር አንዲት ስህተት ትበቃለች። ሰዉ ወደደውና ጥሎ ማለፍ ውድድር አሰብን። ከሸዋ ሮቢት፣ ከጀውሃ፣ ከአሊዩ አምባና ከዚያው አካባቢ አሥራ ስድስት ሰው ተመዘገበ፤ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ነው የሚጫወተው። አንድ የከተማችን ነጋዴ ደግሞ "ለአሸናፊው አዲስ ላፕቶፕ ከእኔ" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ።

ደንቡን ሲሳይና እኔ አንድ ጁስ ቤት ተቀምጠን ጻፍነው። ተጋጣሚዎች ሁለት ጨዋታ ይጫወታሉ፣ አንዱን በነጭ አንዱን በጥቁር፤ እኩል ከወጡ ሦስተኛው ይለያቸዋል፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። ያረፈደ ፎርፌ ይሰጣል። ከሰውም ሆነ ከኮምፒውተር ርዳታ የወሰደ ይሰረዛል። እስከ ስድስተኛው ድረስ አልተጨቃጨቅንም።

"መብራት የጠፋበትስ?" አልኩ።

"ይሸነፋላ! ሌላ ቦታ እንደዚያ ነው" አለ ሲሳይ።

"ሌላ ቦታ ሌላ ነው። እንደዚያ ከሆነማ አንተ በመጀመሪያው ዙር ትወጣለህ። ኮምፒውተርህ እንደሆነ ባትሪ የለው።"

ሳቀ። "እንግዲያው ለእኔ ብለህ ጻፋት።"

እኔም ለሱ ብዬ ጻፍኳት። መብራት የጠፋበት ተጫዋች ለዳኛው ይደውላል፤ ዳኛው የጠጠሮቹን አቀማመጥ መዝግቦ ጨዋታውን ያቆማል፤ አርባ ደቂቃ ይጠበቃል፤ መብራት ከመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፣ ካልመጣ የጠፋበት ይሸነፋል። በመብራት ጉዳይ የተጫዋቹ ቃል ይታመናል፤ ክርክር ከተነሳ የዳኛው ምስክርነት የመጨረሻ ነው። ሰባተኛው ደንብ ይኸው ነው። ማስረጃ ይቅረብ የሚል ቃል አልጨመርኩበትም። ሌላ ቦታ ያላችሁ ትገረሙብኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ መብራት ጠፋብኝ ያለን ሰው "እውነትህን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የአንዱ ሰፈር በርቶ የማዶው ይጠፋል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ "አይዞህ" ይባላል እንጂ።

ውድድሩ ተጀመረ። ሲሳይ የመጀመሪያውን ዙር በቀላሉ አለፈ። ሩብ ፍጻሜ ላይ ተይዞ ሳለ መብራት ጠፋበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማንም ያላየውን ፈረስ ከንጉሡ አጠገብ አሳረፈና ጨረሰ። ግማሽ ፍጻሜ ላይም እንደዚያው ሆነ። ያኔ የተሸነፉት ጀውሃ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሼ መሐመድ ነበሩ። ደወሉልኝ።

"ስማ ደረጀ፣ ይኼ ጓደኛህ መብራት ሲጠፋ ነው እንዴ አእምሮው የሚበራው?" አሉኝ።

ቀልድ ነበር፤ ወይም ቀልድ አስመስለውት ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ጋሼ መሐመድ፣ መሸነፍ ያለ ነው፤ የሰው ስም ማጥፋት ግን ከእርስዎ አይጠበቅም" አልኳቸው።

"አስተግፊሩላህ! ምን ወጣኝ?" ብለው ዘጉት። ይኸው ዛሬ ሳስበው በገዛ እጄ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ለፍጻሜ ሲሳይና ዘሀራ ደረሱ። ዘሀራ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፣ የነጋዴ ልጅ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የምትገባበትን ቀን የምትጠብቅ። የምትጫወተው በአባቷ ስልክ ነው። አባቷ ገበያ ከዋሉ ውድድሩ ላይ ስልኩን ለማግኘት ስንቱን ታግባባለች። "ላፕቶፑን ካገኘሁ ወላሂ ትምህርቴን ያለ ሰው ስልክ ነው የምማረው" ብላ ተወዳዳሪው ሁሉ በሚጻጻፍበት ግሩፓችን ላይ ጽፋ ነበር። ሲሳይ ያን ጊዜ የሳቅ ምልክት ላከላት።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀመሩ። ሙቀቱ የሱቄን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። የመጀመሪያውን ዘሀራ አሸነፈች፤ ሁለተኛውን ሲሳይ መለሰ። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ከያዘችው በኋላ ትንፋሽ አልሰጠችውም። ንግሥቱን በልታ የራሷ አድርጋ ይዛለች፤ የት እንደምታሳርፋት መምረጥ ብቻ ነው የቀራት። እኔ ዳኛ ነኝ፣ ለማንም አላዳላም፤ ልቤ ግን ለሲሳይ ይመታ ነበር። ይኼን አልደብቃችሁም።

ስልኬ ጠራ።

"ደሬ፣ መብራት ሄደብኝ" አለ። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

"አሁን? በዚህ ሰዓት?"

"ምን ላድርግ? እድሌ ነው።"

ጨዋታውን አቆምኩ። ግሩፑ ላይ አሳወቅኩ። ዘሀራ ወዲያው ጻፈች፦ "ምንም አይደል። እጠብቀዋለሁ።" አንድም ቃል አላማረረችም።

አሥር ደቂቃ አለፈ። እኔ ዘንድ መብራት አለ፤ የሱ ሰፈር ግን በሌላ መስመር ነው። ሃያ ደቂቃ ሊሞላ ሲል አንጀቴ አልችል አለ። አርባው ከሞላ ሲሳይ እንዲሁ ሊወጣ ነው። ሱቄ ውስጥ የራሴ ታብሌት አለ፣ ባትሪው ሙሉ ነው። ደንቡ በሌላ መሣሪያ መቀጠልን አይከለክልም። ግን ዳኛ ለአንዱ ወገን ዕቃ ይዞ ሲሮጥ ደስ አይልም፤ ስለዚህ ለዘሀራ ለብቻዋ ደወልኩላት።

"ታብሌት ልወስድለት አስቤያለሁ። ካልፈቀድሽ ግን እተወዋለሁ።"

"ይውሰዱለት ጋሼ፣ ኧረ ይውሰዱለት" አለችኝ። "በፎርፌ ላፕቶፕ ወስጄ ምኑ ደስ ይለኛል? ተጫውተን ይለይልን፣ ኢንሻአላህ።"

ለሲሳይ አልደወልኩለትም። በድንገት ደርሼ ላስደስተው ፈልጌ ነው። ሱቁን ዘጋሁና ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

የግቢው በር ክፍት ነው። እትዬ ወይንሸት ጥላው ስር ተቀምጠው ማሾ ያበጥራሉ።

"ደሬ ልጄ! በዚህ ፀሐይ? ግባ ግባ፣ ከውስጥ ነው፤ ከቬንትሌተሩ ስር ጠዋት የተቀመጠ እስካሁን አልነሳም አለኝ።"

ያሉትን ጆሮዬ ሰማው፤ አእምሮዬ ግን አልተቀበለውም። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው "የምን ቬንትሌተር?" ያልኩት፣ ያውም ለራሴ። አሮጌ ይሆናል፣ በባትሪ የሚሠራ ይሆናል እያልኩ ነው በሩ ላይ የደረስኩት። ሰው የሚወደውን ሰው ላለመጠርጠር የማይፈጥረው ምክንያት የለም።

ቬንትሌተሩ ጣሪያው ላይ እየዞረ ነው። አምፖሉም በርቷል። ሲሳይ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ኮምፒውተሩ ላይ የጨዋታቸው አቀማመጥ፣ ሲቆም የነበረው አንድም ሳይዛነፍ፣ ተደርድሯል፤ ከጎኑ ደግሞ የቼዝ ማስያ ፕሮግራም ከፍቶ ትክክለኛው እርምጃ በአረንጓዴ ቀስት እየታየው ወረቀት ላይ ይገለብጣል። ወረቀቱ ግማሽ ሞልቷል። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ስልኩን አንስቶ መጻፍ ጀመረ። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ።

ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ ጮኸ። ሲሳይ ግሩፑ ላይ የላከው መልእክት ነው፦ "አሁንም አልመጣም። ይቅርታ ዘሀራ።"

በስልኬ ድምፅ ዞረ። ተያየን።

"መቼ መጣህ?" አለኝ።

"ታብሌት ይዤልህ ነው" አልኩት። ታብሌቱን እንደ ሞኝ ዘርግቼ ቆሜያለሁ።

"ደሬ፣ ቁጭ በል። አትቁም እንደዚያ።"

"መብራት አለ፣ ሲሳይ።"

"አየሁ። ድምፅህን ቀንስ፣ እማዬ ትሰማለች።"

"ሩብ ፍጻሜውስ? የጋሼ መሐመድስ?"

ወረቀቱን ገልብጦ ደፋው። ያ በቂ መልስ ነበር። ጋሼ መሐመድን የተቆጣኋቸው ትዝ አለኝና ፊቴ በእፍረት ነደደ። እኔ እኮ ስለ እሱ ስም ስል ነው የተጣላሁት!

"ማንን ጎዳሁ?" አለ ሲሳይ ቀስ ብሎ። "ኮምፒውተሬ ሊሞት ነው፣ ታውቃለህ። ከሞተ ሥራ የለኝም። እሷ ልጅ ናት፣ ገና ብዙ ታገኛለች። ደግሞ ደንቧን ለእኔ ብለህ አይደል የጻፍካት? ለማን ብለህ ነው?"

"እንድትዋሽባት ብዬ ነው?"

"እንድጠቀምባት ብለህ ነው።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው የተሰበርኩት። ማጭበርበሩ አይደለም። ለሱ ማዘኔን እንደ ብልሃት፣ እንደ ሽርክና ቆጥሮ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ለሱ ያለኝን ፍቅር አይቶ "ይሄ ይጠቅመኛል" ብሎ ነው የያዘው።

ግሩፑ ላይ ሰው መጻፍ ጀመረ። "አርባው ሊሞላ ነው"፣ "ዳኛው የት ሄደ?" የሚል በዛ። ሲሳይ ስልኩን አነሳና ፊት ለፊቴ ጻፈ። ኪሴ ደግሞ ጮኸ። አውጥቼ አነበብኩ፦ "ዳኛው ራሱ እኔ ቤት መጥቶ አይቷል። መብራት የለም። እሱን ጠይቁት።"

ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። የልጅነት ፈገግታው ነች፤ ትምህርት ቤት አንድ ነገር አጥፍተን እኔ ስሸፍንለት የሚያሳየኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሸፈንኩለት ሰው ዛሬም እንደምሸፍንለት አልተጠራጠረም። ሳይጠይቀኝ በስሜ ዋሽቶ፣ ስሜን መልሶ ለእኔ አቀበለኝ።

ዘሀራ ጻፈች፦ "ጋሼ ደረጀ ካሉ እኔ አምናለሁ። ጊዜ ይጨመርለት።"

መጻፍ ጀመርኩ። እጄ በዓይን የማትታይ ብሎን ሲፈታ የሚውል እጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ፊደል መምታት አቃተው። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አጠፋሁ። ሲሳይ "መብራት የለም" ብዬ የምጽፍ መስሎት ወደ ኮምፒውተሩ ሊዞር ሲል ላክሁት፦

"መብራት አለ። ሲሳይ ከውድድሩ ተሰርዟል። አሸናፊዋ ዘሀራ ናት። ጋሼ መሐመድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

የሱ ስልክ ጮኸ። አነበበው። ደጋግሞ አነበበው።

"ሸጥከኝ" አለ። አልጮኸም። "ለማታውቃት ልጅ ሸጥከኝ።"

"አንተ ነህ የሸጥከኝ" ማለት ፈልጌ ነበር። ዞር ስል ግን እትዬ ወይንሸት ሰፌዱን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምንድነው? ምን ሆናችሁ?"

"ሌባ ነው ብሎ ደሬ በአደባባይ ጻፈብኝ፣ እማዬ" አለ ሲሳይ።

እኔን አዩኝ። "እውነት ነው? ጻፍክ?" አሉኝ። ለምን እንደጻፍኩ ግን አልጠየቁኝም። ለእናት ልጇ ምን እንዳደረገ ማስረዳት አልሆነልኝም፤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ታብሌቱን እዚያው ረስቼው ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሲሳይ ለከተማው ሁሉ "አብረን ነበር ያሰብነው፣ መጨረሻ ላይ ፈርቶ ከዳኝ" ብሎ አወራ። ያመነው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኛ! እኔ እንደሆንኩ ስሜን ለማጥራት ሰው ማሳመን አልቻልኩበትም፤ ስናደድ ቃል ይጠፋብኛል። ይኼን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት አንዱን ነው። አንድ ቀን እትዬ ወይንሸት በሱቄ በር ሲያልፉ ተነስቼ ሰላም አልኳቸው። ቆም አሉና "እንደምን አሉ፣ አቶ ደረጀ?" አሉኝ። እጃቸው ያጎረሰኝ ሴትዮ አንቱ አሉኝ። ገብቼ ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁና እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ሁለተኛውን ውድድር ስናዘጋጅ ሰባተኛውን ደንብ ብቻዬን እንደ አዲስ ጻፍኩት። መብራት የጠፋበት በአሥር ደቂቃ ውስጥ የቤቱን ቪዲዮና የሁለት ጎረቤት ምስክርነት ይልካል፤ ካልላከ ይሰረዛል፤ የማንም ቃል ብቻውን አይታመንም። ሳነበው ኮራሁበት። ማንም ዳግመኛ አይጫወትብኝም ብዬ ነበር።

ዘሀራ በላፕቶፗ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። እሑድ ዕለት ከጨዋታው መሐል በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ዘሀራ። መብራት ጠፋ።"

"ቪዲዮውን ላኪ።"

"ኢንተርኔቱም አብሮ ሄዷል ጋሼ። የምደውለው በጎረቤት ስልክ ነው። በምን ልላክልዎት?"

"ደንብ ነው፣ ዘሀራ። አሥር ደቂቃ አለሽ።"

"እሺ" ብላ ዘጋችው። አሥሩ ሲሞላ ሰረዝኳት። ነገ ሊያታልለኝ የሚችለውን ሰው ሁሉ ያሸነፍኩት ያህል እርካታ ተሰማኝ፤ ይኼንንም አልደብቃችሁም። ማምሻውን አንድ አጭር መልእክት መጣልኝ፦ "ያን ጊዜ እኔ ማስረጃ ሳልጠይቅ ጠብቄው ነበር።"

በሦስተኛው ቀን ከአሊዩ አምባ የመጣ ደንበኛ ስልክ ሊያሠራ ሱቄ ገባ። "እባክህ መጀመሪያ ቻርጅ አድርግልኝ፤ ከእሑድ ጀምሮ ከተማው ጨለማ ነው" አለኝ።

በማግስቱ አሊዩ አምባ ሄድኩ። ዘሀራ አባቷ ሱቅ ውስጥ ነበረች። ፊት ለፊቷ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ፤ ከዚያ "ተመልሰሽ ተጫወቺ" ስላት እንዲህ አለችኝ፦

"ደንቧን መልሰው እንደ ድሮው ይጻፏት ጋሼ። ከዚያ እጫወታለሁ።"

እጽፋታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ያኑ ዕለት ማታ የምጽፋት መስሎኝ ነበር። ይኸው ወራት አለፉ። እናንተም የከዳችሁ ሰው ካለ ታውቁታላችሁ፤ ከዳተኛው ይሄዳል፤ ታማኝ ሆኖ በቀረው ሰው ላይ ነው የምንበረታው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኬን አወጣና "የተጫዋቹ ቃል ይታመናል" ብዬ እጽፋለሁ። አነባታለሁ። ከዚያ አጠፋታለሁ።